ባሕሩ ተዘግቶ ሳለ

አማሮ ለዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዋ የነገራት ይህን ነበር፦ ቪየይራ የሚባሉትን የባሕር ዛጎሎች የገዛው ከማያውቀው ሰውዬ ነው። ሰውዬው ነጭ መኪናውን አውራ ጎዳናው ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አቁሞ በጆንያ ይሸጥ ነበር። ኮፍያ ስላደረገ ፊቱን በደንብ አላየውም። ታርጋውንም አላየም።

አያቱ ኤቫሪስቶ የነገሯት ደግሞ ይህን ነበር፦ ቪየይራዎቹን ያወጧቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እሑድ ጠዋት በገዛ ጀልባቸው ወጥተው፣ ከነጩ አለት ፊት ለፊት መረባቸውን ጎትተው ነው ያመጧቸው። ባሕሩ እንደ ዘይት የረጋ ነበር። ማንም አልረዳቸውም፤ ርዳታም አያስፈልጋቸውም።

ተቆጣጣሪዋ ሁለቱንም ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ የተቀመጡትን አያትና የልጅ ልጅ ተራ በተራ አየቻቸው።

«አባባ፣ ጀልባዎ አሁን የት ነው የታሰረችው?»

«የት ትታሰራለች? ወደቡ ላይ ነዋ! አንቺ ልጅ የዚህ አገር ሰው አይደለሽም መሰለኝ።»

«ነኝ እንጂ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ነኝ።»

«ከማዶ!» ኤቫሪስቶ ሳቁ። «እሱማ ያስታውቃል። የማዶ ሰው ጀልባና የከብት ገንዳ አይለይም።»

ተቆጣጣሪዋም ሳቀች። ከቤቱ ሰው ግን ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ኖኤላ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ሳህን እያደረቀች ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሁለቱም ታሪኮች ውሸት መሆናቸውን ታውቃለች፤ ሆኖም ውሸታቸው አንድ ዓይነት አልነበረም። ወንድሟ የተናገረውን ከትናንት ጀምሮ ሲያጠናው ቆይቷል። አያቷ ግን ያሉትን ያምኑታል። ጀልባዋ ዛሬም ወደቡ ላይ ታስራ ትታያቸዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ጀልባዋ ኖኤላ አንደኛ ክፍል ሳለች ተፈልጣ ምድጃ ገብታለች።

ተቆጣጣሪዋ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች። «ዓርብ ተመልሼ እመጣለሁ። ያኔ የመጨረሻ ቃላችሁን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ማወቅ አለብኝ። ከዚሁ ቪየይራ ሌላ ሰው እጅ የገባ...»

«የለም» አለ አማሮ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «የገዛሁት ያችኑ ነው። አለቀች።»

እናታቸው ኦላያ ተቆጣጣሪዋን እስከ ደጅ ሸኘቻትና ተመልሳ ገባች። ያደረገችው የጎማ ቦቲ ከባሕሩ ዳርቻ ያመጣውን ጭቃ ወለሉ ላይ አራገፈ። ኦላያ ፈቃድ ይዘው አሸዋ እየቆፈሩ ዛጎል ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ናት። ውሃው ሲሸሽ ይወርዳሉ፤ ውሃው ሲመለስ ደግሞ ተራ ገብተው አሸዋውን ከሌቦች ይጠብቃሉ። ዛሬ የጥበቃው ተራ የእሷ ነበር።

«እንግዲህ» አለች፣ ማንንም ሳታይ ኮቷን እያነሳች። «እኔ ሌባ ልጠብቅ ልሂድ።»

አማሮ ቀና አላለም።

በመንደሩ «ባሕሩ ተዘጋ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። በዓይን የማይታይ አልጌ ውሃው ውስጥ ይረባል። ዛጎል ለባሾቹ ውሃውን እያጣሩ ሲመገቡ መርዙ እነሱ ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እነሱን ማውጣትም መሸጥም ይከለከላል። ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንት ይጠራሉ። ቪየይራ ግን፣ ያቺ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ዛጎል ያላት፣ መርዙን ጥቁር ጉበቷ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይዛው ትቆያለች። ስለዚህ ቪየይራ የምትወጣው ፈቃድ ባለው ጀልባ ብቻ ነው። ጥቁሩ በፋብሪካ ተቆርጦ ይጣላል፤ ነጩ ሥጋና ምላስ የሚመስለው ብርቱካናማ ክፍል ብቻ ለገበያ ይቀርባል።

ኤቫሪስቶ ይህን ሕግ በሕይወታቸው ተቀብለውት አያውቁም። «ባሕር መቀርቀሪያ አለው እንዴ የሚዘጋው?» ይሉ ነበር። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ደግሞ አማሮን ፋታ ነሱት። «ጠላቂ ነኝ ትላለህ አይደል? ለልደቴ ከነጥቁሯ ቪየይራ ማምጣት ካቃተህ፣ ያን የላስቲክ ልብስህን ማሳ ላይ ስቀለውና ወፍ አስፈራራበት!»

አማሮ ከጓደኛው ከቴልሞ ጋር ጠልቆ አመጣ። ያመጡት ደግሞ ለአንድ ማዕድ የሚሆን ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ጆንያ ነበር። ለቤት የሚበቃውን ኖኤላ ጓሮ ካለው ገንዳ አጠበችው። ኦላያ ከሥራ ስትገባ አየችና ኮቷን ሰቀለች። ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ቪየይራዎቹ ከነዛጎላቸው፣ ሽንኩርትና የዳቦ ፍርፋሪ ተነስንሶባቸው ምድጃ ገቡ። ሲበላ ሦስቱም ጥቁሩን በቢላ ጫፍ እየቆረጡ ወደ ሳህናቸው ዳር ገሸሽ አደረጉት።

«ለማን ልትጥሉት ነው?» አሉ አያትየው ሳህናቸውን እየዘረጉ። «ጣዕሙ ያለው እኮ እዚህ ነው። እናንተ የምትጥሉት ባሕሩን ነው።»

ሁሉም ሰጧቸው። ኖኤላም የራሷን በሹካዋ አንስታ ሳህናቸው ላይ አደረገችላቸው። እሳቸው መረቁን በዳቦ እየጠረጉ ጨረሱት፤ ወይን ጠጡ፣ ዘፈኑም።

ጎህ ሳይቀድ ማስታወክ ጀመሩ። በማግስቱ ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ያለው መንገድ ጠፋባቸው። ቀጥሎ መላ ሰውነታቸው ይንዘፈዘፍ ጀመር። አማሮ አዝሏቸው ደረጃውን ወረደ፤ መኪናው ጋ እስኪደርስ «አባባ፣ አባባ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

ተቆጣጣሪዋ በመጣች ማግስት ኖኤላና እናቷ አያቷን ለክትትል ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። የአንጎል ሐኪሟ ዶክተር ሎሬይሮ ከኦላያ በዕድሜ የምታንስ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የሰካች ሴት ናት። ገብታ ሰላም አለቻቸው፤ ወረቀት ልታመጣ ወጣችና ተመለሰች።

«ኤቫሪስቶ፣ ያስታውሱኛል?»

«ቆንጆ ሴት እረሳለሁ እንዴ? ግን የት ነው የተዋወቅነው?»

«እዚሁ፣ ቅድም።»

«እንግዲያው አጭር ትውውቅ ነበር ማለት ነው» አሉ፣ ምንም ሳይከፋቸው።

ዶክተሯ ገመድ ሰጠቻቸው። የጠየቀቻቸውን የቋጠሮ ዓይነት ሁሉ ጣቶቻቸው ሳያመነቱ ቋጠሩት። በወጣትነታቸው በሰሜኑ ባሕር አብረዋቸው የሠሩትን መርከበኞች ከነቅጽል ስማቸው ዘረዘሩ። ቁርስ ምን እንደበሉ ስትጠይቃቸው ግን ረጋ ብለው «ሳርዲን» አሉ። የበሉት በወተት የራሰ ዳቦ ነበር፤ ያበላቻቸውም ኖኤላ ነች።

«አልገባኝም» አለች ኖኤላ። «መርዙ የገባው መላ ሰውነታቸው ውስጥ ነው። ታዲያ እጃቸው ደህና ሆኖ ለምን ትውስታቸው ብቻ ተጎዳ? ለምን ያንን መረጠ?»

«ኖኤላ፣ ሰው አታድክሚ» አለች እናቷ።

«አታደክመኝም» አለች ዶክተሯ። የኤቫሪስቶ አንጎል ምስል የሚታይበትን የኮምፒዩተር ስክሪን ወደ ኖኤላ አዞረችው። «መርዙ አልመረጠም። የተለያዩት ሴሎቹ ናቸው። እዚህ ጋ የተጠማዘዘች ትንሽ ነገር ትታይሻለች?»

ኖኤላ ጠጋ አለች። «መረብ ውስጥ የምትገባዋን የባሕር ፈረስ ትመስላለች።»

«የወጣላትም ስም እሱ ነው። የዛሬን ነገር ለነገ የምታስቀምጥልን እሷ ናት። እዚያ ያሉት ሴሎች ዋና ሥራቸው መስማት ነው እንበል። ከየአቅጣጫው መልእክት ይመጣላቸዋል። መልእክቱን የሚቀበሉበት በር ደግሞ ከብዙዎቹ ሴሎች ይበዛል። አዲስ ነገር መያዝ የምንችለው እነሱ እንዲህ ቶሎ ስለሚነቃቁ ነው። ይሄ መርዝ ግን መልእክተኛውን ይመስላል።»

«እና በሩን ይከፍቱለታል?»

«ይከፍቱለታል። ደግሞ እንደ እውነተኛው መልእክተኛ ተናግሮ አይሄድም። ቆሞ ያንኳኳል። ሴሉ ይመልሳል፣ ደግሞ ይመልሳል፣ ማረፊያ ያጣል፤ በመጨረሻ ራሱን አቃጥሎ ይሞታል። ጥቂት በር ያላቸው ሴሎች ያንኑ መርዝ ችለውት ያልፋሉ። የእጅ ልምድ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። የድሮ ትዝታም አብዛኛው ከዚች ቦታ ወደ ሌላ ተዛውሯል።»

«ስለዚህ የሞቱት ጥሩ ሰሚዎቹ ናቸው።»

ዶክተሯ ትንሽ አሰበችበት። «አዎ። እንደዚያ ብትይው አልተሳሳትሽም።»

«ተመልሰው ይበቅላሉ?» አለች ኦላያ። እስከዚያች ሰዓት ምንም አልጠየቀችም ነበር።

«ከጊዜ ጋር ትንሽ ሊሻላቸው ይችላል። የሞቱት ሴሎች ግን አይመለሱም፤ ላታልልሽ አልፈልግም። ያረጀ ኩላሊት መርዙን ቶሎ አያወጣውም፣ ለዚህ ነው እንዲህ የበረታባቸው። ትንሽ ሰውነት ላለው ልጅም ትንሹ ይበዛበታል። ሌላ የበላ ሰው ካለ እባካችሁ ሳይውል ሳያድር ንገሩን።»

ኦላያ የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ያዘች።

«ስለ ማን ነው የምታወሩት?» አሉ ኤቫሪስቶ፣ ሦስቱንም በየተራ እያዩ። «ምስኪን ሰው።»

ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ሺያና የትምህርት ቤቱ ግንብ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ኖኤላን ጠበቀቻት። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው።

«ነይ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አፍሽን ትዘጊያለሽ። የትንሹ ወንድሜ የመጀመሪያ ቁርባን ድግስ እሑድ አይደል? ምን እንደምንበላ ገምቺ።»

«ዶሮ።»

«ፋራ! ቪየይራ ነዋ! እናቴ በርካሽ አግኝታ የአክስቴን ፍሪዘር ሞልታዋለች። አክስቴ ደግሞ እንደ ድሮው ከነጥቁሩ ነው የምትሠራው። አሪፍ አይደል?»

ኖኤላ የያዘችውን ዳቦ ወደ ወረቀቱ መለሰችው። «ከማን ነው የገዛችው?»

«ከቴልሞ። ለኛ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ለስንት ሰው ሸጧል አሉ። ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ።»

«ለእናትሽ ንገሪያት። ዛሬውኑ ትጣለው።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ሺያና፣ አያቴ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ።»

«እሱ እኮ ከመኪና የገዛችሁት ነው አላችሁ» አለች ሺያና። ከዚያ እግሯን ማወዛወዝ አቆመች። «አይደለም እንዴ?»

ኖኤላ ዳቦውን በወረቀቱ ጠቀለለችው። ሺያና ቀስ ብላ ከግንቡ ወረደች። ስልኳን ከኪሷ አወጣች፣ ግን ወዲያው አልደወለችም።

«ለእናቴ እነግራታለሁ። ከማን እንደሰማሁም አልናገርም። ግን እኛስ ጣልነው እንበል። ሌሎቹስ? እነማን እንደገዙ እኔ አላውቅም። እናቴም አታውቅም።»

ኖኤላ አማሮን ያገኘችው ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። የጠላቂ ልብሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሱ ከሥሩ ተገልብጦ በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፤ ስልኩ ግን ጠፍቶ ነበር።

«ጣልነው ብለኸኝ ነበር» አለች።

«የኔን ድርሻ ጥዬዋለሁ። የቴልሞን ምን ላድርግ?»

«ለማን እንደሸጠ ጠይቀዋ!»

«አልጠየቅኩትም ብለሽ ነው? ሳቀብኝ እኮ። ‹አያትህን የያዛቸው እርጅና ነው፣ ወደኔ አታላክክ› አለኝ። ለኔ ነገረኝ ማለት በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። ከሱ አፍ ቃል የሚያወጣው የመንግሥት ሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለተቆጣጣሪዋ ንገራት።»

አማሮ ተነሳ። መጋዘኗ ጠባብ ስለሆነች የሚሄድበት አጥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። «ላንቺ ማውራት ቀላል ነው። ዝም ብሎ ቅጣት አይደለም እኮ፣ ሰው የተጎዳበት ነገር ነው፣ እስር ነው። መርከቡስ? በሚመጣው ወር መርከበኛ ሆኜ ልሳፈር ተቀብለውኛል፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለበትን ሰው ማን ያሳፍራል? እማንስ አስበሻታል? ነገ ሴቶቹ አሸዋው ላይ አጠገቧ የሚቆሙ ይመስልሻል? ልጇ ሌባ የሆነ የሌባ ጠባቂ!»

«እሑድ አንድ ሕፃን ሊበላው ነበር። የቀረው ቪየይራ ደግሞ የት እንዳለ አናውቅም።»

«አባባ እኔ ነኝ ያወጣሁት ብለዋል» አለ አማሮ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰማንያ ዓመት የሞላውን ሰው ማንም አያስርም። ሲያወሩትም ደስ ብሏቸው ነው። አላየሽም እንዴ ዓይናቸው ሲበራ?»

ኖኤላ አይታለች። ያን ማስተባበል አልቻለችም። አማሮ ደግሞ መጥፎ ወንድም አልነበረም። አባታቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሄዶ መጻፍ ካቆመ ወዲህ የቤቱን ጣራ የሚጠግነው እሱ ነው፤ ስኩተር መንዳት ያስተማራትም እሱ። እንደ ወትሮው «ትንኝ» ብሎ ቢሰድባት ይቀላት ነበር። ዛሬ ግን አልሰደባትም። ዓይኑን ዓይኖቿ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

ኖኤላ ወጣች።

አያቷ ደጅ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆነው መረብ ይጠግናሉ። መረቡ የማንም አይደለም። ኦላያ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ከጎረቤት ለምና ያመጣችው ነው። ኖኤላ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አማሮን፣ ቴልሞን፣ ያጠበቻቸውን ዛጎሎች፣ የሹካዋን ነገር፣ ለማን እንደተሸጠ የማይታወቀውን። ኤቫሪስቶ መርፌያቸውን አቁመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። እንዲህ ሲሰሙ ምንም የጎደላቸው አይመስሉም ነበር።

«እና ምን ልታደርጊ አሰብሽ?» አሉ።

«ለተቆጣጣሪዋ ልናገር።»

ፊታቸው ደም መሰለ። «ወንድምሽን? የገዛ ደምሽን? ለዚያች ለማዶ ሴትዮ? ስሚ፣ በዚህ ቤት ወንድም ተሽጦ አያውቅም! ስሙን ከምትጠሪ ምላስሽን ንከሺ!»

ኖኤላ አለቀሰች። ከታች በመንገዱ የዓሣ መኪና ጥሩምባዋን እየነፋች አለፈች። ኤቫሪስቶ አንገታቸውን አዙረው እስክትታጠፍ በዓይናቸው ሸኟት። ሲመለሱ ቁጣው ከፊታቸው ላይ የለም።

«ምነው እናቴ፣ ማን አስለቀሰሽ?» አሉ በለሆሳስ።

እንደገና ነገረቻቸው። ቃሎቹ ያው ነበሩ፤ ምናልባት በሁለተኛው ጊዜ ድምፅዋ ይበልጥ ደክሞ ይሆናል። በዚህኛው ጊዜ ኤቫሪስቶ መረቡን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት።

«ሰው ሊበላው ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሺ እንጂ! ከጀልባ ሰው ሲወድቅ ‹የማን ልጅ ነው› ተብሎ ይጠየቃል? አማሮም ቢሆን ወንድ ነው፣ ይችለዋል። ለምኜው ይሆናል፣ አላስታውስም፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ እለምናለሁ። ሂጂ ተናገሪ!»

ኖኤላ ፊቷን አበሰች። ይኸው ተባለ። ይኸው ፈቀዱላት።

ኤቫሪስቶ መርፌያቸውን ፈለጉ፣ አገኙት፣ አንድ የመረብ ዓይን ጠገኑ፣ ሌላ ጠገኑ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ቀና አሉ። «ነፋሱ ዞሯል። ከትምህርት ቤት መች መጣሽ?»

ኖኤላ ለሦስተኛ ጊዜ አፏን ከፈተች። ይህኛውን መልስ እንዲያጸኑላት ፈልጋ ነበር። ከዚያ ዘጋችው። አማሮም እዚህ መጥቶ ቢጠይቃቸው የሚፈልገውን መልስ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ካልሆነለት ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ካልሆነለት ሦስተኛውን። ሁለቱም መልሶች የአያቷ ነበሩ፣ ሁለቱንም ከልባቸው ነው የተናገሩት። አንዳቸውም ግን እሳቸው ጋ አልቀሩም። ቁጣውም ፈቃዱም ያለው አሁን እሷ ጋ ብቻ ነው።

«አሁን ነው የመጣሁት፣ አባባ» አለች።

ሺያና ማታ መልእክት ላከችላት፦ «ጣልነው። አክስቴ አበደች። ለወንድምሽ ምንም አላልኩም።»

ዓርብ ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ኦላያ ፎጣ ሰጠቻት። አማሮ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጧል።

«አማሮ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ ጠይቀናል» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ነጭ መኪና ያየ ሰው አላገኘንም።»

«ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና አይቆጥርም» አለ አማሮ።

«ምን መኪና?» አሉ ኤቫሪስቶ። «እኔ ነኝ ያወጣኋቸው አላልኩሽም? እሑድ ጠዋት፣ ከነጩ አለት ፊት ለፊት። ዶልፊኖች ሳይቀሩ ሲከተሉኝ ነበር!» ዶልፊኖቹ አዲስ ናቸው። ኤቫሪስቶ እጃቸውን እያወዛወዙ ሲዘሉ አሳዩ፤ ዓይናቸው በራ። አማሮ እውነቱን ነው፣ እንዲህ ደስ ብሏቸው የሚታዩት ስለዚያ ጠዋት ሲያወሩ ብቻ ነው። ያ ጠዋት ግን አልነበረም።

ተቆጣጣሪዋ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ኦላያ ዞረች። «ሌላ የሚለው ያለው ሰው ከሌለ እኔ ከዚህ በላይ የምይዘው ነገር የለኝም። አንድ ሽማግሌ ለራሱ አውጥቶ ራሱ በልቷል፣ የተሸጠም የለም ብዬ እዘጋዋለሁ። ፍለጋውም ያበቃል። እንደዚያ ልጻፈው?»

ኦላያ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እጇ ደረቅ ነበር። «ይጻፉት» አለች።

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን ከፈተች። ኤቫሪስቶ በኩራት ቀና ብለው ተቀመጡ። አማሮ ዓይኑን ጨፈነ።

ኖኤላ ወንበር ሳበችና ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። የወንበሩ እግር የድንጋዩን ወለል ሲፍቅ ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«አይዝጉት» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጥ ያለ ነበር። «የተሸጠ አለ። እስካሁን በሰው ቤት ተቀምጧል፣ እሑድ ሊበላም ይችላል።»

«ኖኤላ!» አለች እናቷ።

«ማን ነው የሸጠው?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

ኖኤላ ወደ እሷ አልተመለከተችም። እጇን አማሮ ክንድ ላይ አሳረፈች። የንጹሑ ሸሚዝ እጅጌ በላብ ርሷል።

«አማሮ፣ ካንተ አፍ ቢወጣ ይሻላል፤ እጠብቅሃለሁ» አለች። «ዝም ካልክ ግን እኔ እነግራታለሁ። ዛሬ፣ እዚሁ፣ ስም ጠርቼ።»